ባሕር ማዶ ለተሰዋ ዘማች እዚህ አዳማ መታሰቢያ ማድረግ፦ ከእኛ ቤት የተማርኩት

እማማ (አያቴን ነው) ታላቅ ወንድሟን ለመጨረሻ ጊዜ ያየችው እዚሁ ከተማችን ባቡር ጣቢያ ነው። ያኔ ስሟ ናዝሬት ነበር። ዘመኑ 1943 ዓ.ም ነው፤ የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሥቶ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያ በመርከብ ወደ ኮሪያ የሄደበት ጊዜ። ባቡሩ በእኛ በኩል ያልፋል። ስንቅ ይዛ ሄዳ በመስኮት አቀበለችው። ሌላ የምታስታውሰው ነገር የለም። እሱም አልተመለሰም።

ለጋሼ (ቤት ውስጥ ሁላችንም እንዲህ ነው የምንጠራው) የሚገባውን መታሰቢያ ያደረግነው ከስንት ዓመት በኋላ ነው። መንገዱ ላይ ብዙ ተሳሳትን። አንድ ድንጋይ በከንቱ አስቀርጸናል። ከዚያ በኋላ ሦስት ቤተሰብ «እንዴት አደረጋችሁት?» ብሎ ስለጠየቀኝ ነው ይህን የምጽፈው። የእናንተ ሰው ኮሪያ ሳይሆን ኮንጎ፣ ዳርፉር ወይም አብዬ ወድቆ ሊሆን ይችላል፤ አብዛኛው ነገር ያው ነው።

1. ከድንኳኑ በፊት ስሙ

ሰው መታሰቢያ ሲያስብ መጀመሪያ የሚያስበው ድንኳንና ድግስ ነው። ተዉት። መጀመሪያ ስሙን አስተካክሉ። ስሙ ከተሳሳተ ድንጋዩም፣ ጸሎቱም፣ ፍለጋውም ይሳሳታል።

ቤት ውስጥ ያለውን ትልቅ ሰው ዛሬ ያዙ፤ «በዓል ሲደርስ እንጠይቃለን» አትበሉ። ስልካችሁን ድምፅ መቅጃ ላይ አድርጋችሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ቡና ይፈላ። ጥያቄ በጥያቄ አታስጨንቋቸው፤ ቡናው ራሱ ያወራቸዋል። እማማ በመጀመሪያው ቀን ያወራችን ስለ ወንድሟ በቅሎ ብቻ ነበር። በሁለተኛው ነው ነገሩ የመጣው።

የምትፈልጉት ይህ ነው፦ ስም ከነአባትና ከነአያት፣ የቤት ስም ካለው እሱም፣ የተወለደበት አገር፣ ከመዝመቱ በፊት የት ክፍል እንደነበረ (ቃኘዎች ከክብር ዘበኛ የተውጣጡ ናቸው)፣ የወጣበት ዓመት፣ መርዶው የመጣበት ወቅት። ኦርቶዶክስ ከሆነ የክርስትና ስሙን አትርሱ። ካህናቱ የሚጠሩት በዚያ ስም ነው፤ እኛ ደግሞ የጋሼን የክርስትና ስም የሚያውቅ አንድም ሰው አጥተን ስድስት ወር ፈጀብን። በመጨረሻ ያገኘነው ከክርስትና እናቱ የልጅ ልጅ ነው።

«ኮሪያ ነው የሞተው» የሚለውንም በቀላሉ አትመኑ። ኮሪያና ኮንጎ በቤተሰብ ወሬ በጣም ይቀላቀላሉ። ማጣሪያው ዓመቱ ነው። ቃኘዎች ጦርነት ውስጥ የነበሩት ከ1943 እስከ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ነው፤ ያን ቀን ተኩስ አቁም ተፈረመ። አንደኛው ቃኘው በ1943፣ ሁለተኛው በ1944፣ ሦስተኛው በ1945 ሄደ። ከዚያ በኋላም ወታደሮቻችን ቆይተዋል፤ ግን ጦርነት አልነበረም። ኮንጎ የዘመተው ጠቅል ብርጌድ ሲሆን የተባበሩት መንግሥታት ጦር እዚያ የነበረው ከ1952 ማብቂያ እስከ 1956 ነው። ስለዚህ አክስታችሁ «መርዶው የመጣው የታኅሣሡ ግርግር ከሆነ በኋላ ነው» ካሉ፣ ያ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ የ1953 ስለሆነ፣ ኮንጎን ጠርጥሩ።

2. ወረቀት

አዲስ አበባ አፍንጮ በር የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ፓርክ አለ። የዘማቾቹ ማኅበርም እዚያው ነው። ከአዳማ 99 ኪሎ ሜትር ነው፤ በፍጥነት መንገዱ ጠዋት ወጥቶ ከሰዓት መመለስ ይቻላል። ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ያላችሁን ፎቶ፣ ደብዳቤ፣ የጡረታ ደብተር፣ ምንም ይሁን፣ ኮፒ አድርጋችሁ ያዙ። ዋናውን ለማንም አትስጡ። እኛ አንድ ቢሮ የሰጠነው ዋና ደብዳቤ እስካሁን «ፋይል ውስጥ አለ» ይባላል።

ኮሪያ የሞተ ሰው ከሆነ ፑሳን ከተማ የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር አለ። የእኛዎቹ አፅም ወደ አገር ቤት ስለተመለሰ መቃብራቸው እዚያ የለም፤ ስማቸው ግን በመታሰቢያው ግድግዳ ላይ ተቀርጿል። ግድግዳው ላይ ከ40,000 በላይ ስም አለ፤ በአገር በአገር ስለተከፋፈለ ግን የእኛን ማግኘት አይከብድም፤ ከ120 በላይ ናቸው። ዛሬ ኮሪያ ውስጥ የሚማር ወይም የሚሠራ አበሻ የማያውቅ ሰው የለም። ደውሉለት፤ በእረፍት ቀኑ ሄዶ ፎቶ ያንሣላችሁ። የጋሼን ስም ፎቶ በቴሌግራም የላከልን የጎረቤታችን ልጅ ነው። እማማ ስልኩን ተቀብላ ፊደሉን ማንበብ ሳትችል በጣቷ ስትዳስሰው ቆየች።

አንድ ማስጠንቀቂያ። እነዚህ ስሞች በላቲን ፊደል የተጻፉት በጊዜው በጆሮ እየተሰሙ ነው። ጸ እና ጠ፣ ቀ እና ከ አይለዩም፤ «ኃይለ» ራሱን ችሎ ሊቆም ወይም ከሚቀጥለው ጋር ሊጣበቅ ይችላል፤ የአባት ስም መጀመሪያ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ስሙን በአንድ አጻጻፍ ብቻ ፈልጋችሁ «የለም» ብላችሁ አትመለሱ። አምስት ስድስት አጻጻፍ በወረቀት ጽፋችሁ ለምትልኩት ሰው ስጡት።

3. ቀኑን መቁጠር

እኛ የወደቅነው እዚህ ላይ ነው።

ያገኘነው ወረቀት ሴፕቴምበር 22 ቀን 1951 ይላል። በፈረንጅ መሆኑ ነው። ድንጋይ ቀራጩ ወረቀቱን አይቶ «1951 ዓ.ም» ብሎ ቀረጸው። ዓ.ም ካላችሁ የእኛ ዘመን ነው፤ በዚያ ድንጋይ መሠረት ጋሼ የሞተው ጦርነቱ ካበቃ ከስድስት ዓመት በኋላ ነው ማለት ነው! ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም፤ እኛም ሳናነብ ከፍለናል።

አቆጣጠሩ እንዲህ ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማለቂያ አካባቢ (በፈረንጅ እስከ ዲሴምበር 31) ያለ ቀን ከሆነ ከፈረንጁ ዓመት 7 ቀንሱ፤ ከጃንዋሪ ወዲህ እስከ ጳጉሜ ከሆነ 8። ስለዚህ የጋሼ 1944 ነው።

ቀኑ ደግሞ የባሰ ያምታታል። ሁላችንም መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ነው ብለን ስለለመድን፣ 22ን በጣታችን ቆጥረን መስከረም 12 አልነው። ሚካኤል! ቤቱ እልል አለ። ኋላ አንድ የአክስቴ ልጅ፣ ሒሳብ አስተማሪ ነው፣ «ቆይ፣ 1943 እኮ ዘመነ ሉቃስ ነው» አለ። እውነቱን ነው። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜ 6 ትሆናለች፤ ስለዚህ የ1944 መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነው፤ ጋሼ የተሰዋውም መስከረም 11። ዘመኑን ለማወቅ ዓመቱን ለ4 አካፍሉ፤ 3 ከተረፈ ሉቃስ ነው። ወይም የስልክ መቀየሪያ ተጠቀሙ፤ ግን በሁለት የተለያየ ፈትሹ።

ምን አደረግን? ድንጋዩ ላይ 11 ጻፍን። ዝክሩን በ12 አደረግን፤ ሕዝቡም ካህናቱም ለሚካኤል ስለሚመጡ። ድንጋይ ላይ እውነቱ ይጻፍ፤ ድግስ ግን ለሰው በሚመቸው ቀን ቢሆን ማንም አይቀየምም።

የሞተበት ቀን ጨርሶ የማይታወቅ ከሆነ ሦስት አማራጭ አለ። ሰኔ 18 ጦርነቱ የተጀመረበት ነው፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሰኔ ጾም ውስጥ ስለሚውል ድግሱ የጾም መሆን አለበት። ሐምሌ 20 ጾም የለውም፣ ረቡዕ ወይም ዓርብ ካልዋለ፤ ዝናቡ ግን አለ። የኔ ምርጫ ኖቬምበር 11 ነው፤ ኅዳር 2፣ ጳጉሜ 6 ከሆነች በኋላ ባለው ዓመት ደግሞ ኅዳር 1። በዚያ ቀን በኮሪያ ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ የዘማች አገሮች ሰዎች ፊታቸውን ወደ ፑሳን አዙረው ለአንድ ደቂቃ ዝም ይላሉ። በእኛ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። አዳማ ገና ሳይነጋ፣ ባጃጆቹ ሳይወጡ፣ ቤተሰብ በረንዳ ላይ ጧፍ አብርቶ ወደ ምሥራቅ መቆም ምንም ወጪ የለውም። እኛ ሁለት ዓመት አደረግነው። ልጆቹ ከድግሱ ይልቅ የሚያስታውሱት ይህን ነው።

4. ድንጋዩ

መቃብሩ ሌላ ቦታ ከሆነ ወይም የት እንደሆነ ካልታወቀ ቤተሰብ ባለበት መታሰቢያ ማቆም ነውር የለውም። እኛ ያቆምነው በእናቱ መቃብር ላይ ነው። መጀመሪያ ግን የደብሩን ሰበካ ጉባኤ ቢሮ አነጋግሩ፤ ልካችሁን በሜትር ጽፋችሁ፣ ጽሑፉንም አያይዛችሁ። ድንጋዩን አሠርታችሁ ከሄዳችሁ በኋላ «ይህ አይፈቀድም» መባል አለ።

በቀለም ብቻ የተጻፈ ጽሑፍ እንዳትቀበሉ። የአዳማን ፀሐይ ታውቋታላችሁ። ነፋሱንም እንደዚሁ፤ ከከተማው ዳር የተተከሉትን የኤሌክትሪክ ተርባይኖች የሚያዞር ነፋስ ነው፤ አቧራውን ይዞ ቀለም ይልጣል። ፊደሉ ጠልቆ ይቀረጽ፣ ቀለም ካስፈለገም በጉድጓዱ ውስጥ ይሞላ።

ጽሑፉን አታብዙት። «ጀግናው፣ አይበገሬው፣ አንበሳው» እየተባለ አምስት መስመር ይሞላና ለስሙ ቦታ ይጠፋል። ይህን ያህል ይበቃል፦

(ማዕረግና ስም ከነአያት)
የቃኘው ሻለቃ ዘማች
ተወለደ፦ ቦታና ዓመት
ኮሪያ ላይ ተሰዋ፦ ቀን፣ ወር፣ ዓመት ዓ.ም
የክርስትና ስም

ማዕረጉ ሲሞት የነበረው ይሁን። አሥር አለቃ የነበረን ሰው ሻምበል ማድረግ እሱን ማክበር አይደለም፤ አብረውት የዘመቱ ሰዎች ቢያዩት ያፍራሉ። «ቃኘው» የራስ መኮንን የፈረስ ስም መሆኑን ልጆች ስለማያውቁ በቃል ንገሯቸው እንጂ ድንጋይ ላይ ማብራሪያ አይጻፍም። ከመቀረጹ በፊት ጽሑፉን በወረቀት አትሙ፣ ሦስት ሰው ያንብበው፤ ከሦስቱ አንዱ ከቤተሰብ ውጭ ይሁን። ከዚያ ቀራጩ በእርሳስ ድንጋዩ ላይ ሲነድፍ ሄዳችሁ እዩ። ቀሪውን ክፍያ ከዚህ በፊት አትስጡ።

5. ፎቶና ሜዳሊያ

ፎቶው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆ ከሆነ በጉልበት አታላቁት። ከነመስታወቱ በቀን ብርሃን፣ መስኮት አጠገብ፣ ፍላሽ አጥፍታችሁ ከጎን አንሡት። ፎቶ ቤት ስትወስዱት «ብቻ አጽዳልኝ፣ ፊቱን አትንካ» በሉ። አሁን ሁሉም በኮምፒውተር ያሳምራል፤ ለእኛ የተመለሰልን የመጀመሪያው ፎቶ ላይ ጋሼ የፊልም ተዋናይ መስሎ ነበር። እማማ «ይሄ ማነው?» አለች።

ሜዳሊያ ካለ በሎሚም በአመድም አትፈትጉት። ለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ይበቃል። የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳሊያ ሪባኑ ሰማያዊና ነጭ ሽንትር ነው፤ ለእኛ ዘማቾች የተሰጠው ደግሞ ጽሑፉ በአማርኛ ነው፣ ከላይ ባለችው ዘንግ ላይ «ኮሪያ» የሚል አለ። በላቲን የተጻፈ ከሆነ ለሌላ አገር ዘማች የተሠራ ስለሆነ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ገበያ ላይ የሚገዙ አሉ፤ ቤታችሁ ያለውን አትሽጡ፣ ሌላ ምን እላለሁ።

በሰላም ማስከበር የሞተ ከሆነ የዳግ ሐመርሾልድ ሜዳሊያ የሚባል አለ። ሐመርሾልድ የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ነበር፤ በኮንጎ ጉዳይ ሲመላለስ በ1954 ዓ.ም መጀመሪያ አውሮፕላኑ ወድቆ ሞተ። ሜዳሊያው ከሞት በኋላ የሚሰጥ ነው፤ የሟቹ ስምና የሞተበት ቀን ይቀረጽበታል። በየዓመቱ በሰላም አስከባሪዎች ቀን ለየአገሩ ተወካይ ይሰጣል፤ ቀኑ ሜይ 29፣ የእኛ ግንቦት 21 ነው። የእናንተ ሰው ከተሰጣቸው መካከል መሆኑን በመከላከያ ሚኒስቴር በኩል በጽሑፍ ጠይቁ። ደብዳቤያችሁን መዝገብ ቤት አስገብታችሁ የገቢ ቁጥሩን ያዙ። ያለ ቁጥር የገባ ደብዳቤ እንዳልገባ ቁጠሩት።

6. ዕለቱ

እድራችሁን ከአንድ ወር በፊት አነጋግሩ። አንዳንድ እድር ድንኳኑንና ወንበሩን የሚያወጣው ለአዲስ ሐዘን ብቻ ነው፤ የእኛ ዳኛ መጀመሪያ «ሰባ ዓመት ለሞተ ሰው?» ብለው ሳቁ፣ ኋላ ግን ራሳቸው ቀድመው መጥተው ድንኳን ሲያስተክሉ ዋሉ። መጥሪያውን በአማርኛና በኦሮምኛ አድርጉት፤ አዳማ ነው ያላችሁት። ሙስሊም ጎረቤት ስለሚመጣ ምግቡ ላይ ከእነሱ ወገን አንድ ሰው ይመደብ፤ እርዱም ለብቻ ይሁን። ሟቹ ሙስሊም ከሆነ ደግሞ ነገሩ ቀላል ነው፤ ሰደቃ ይወጣል፣ ዱዓ ይደረጋል፤ እንዲህ ያለ ብዙ ሥርዓት የለውም።

በሕይወት ያለ ዘማች ካገኛችሁ ከፊት አስቀምጡት፣ ከባለሥልጣኑም ፊት። ዕድሜያቸው ዘጠና አልፏል፤ ከቤት የሚያመጣ መኪና ከነሚደግፍ ሰው መድቡ፣ መጸዳጃው ቅርብ ይሁን። ንግግር አታስጨንቋቸው። ማውራት ከፈለጉ ማንም አያቋርጥ።

ቅደም ተከተሉ አጭር ይሁን። ጸሎት፣ ቀጥሎ የኅሊና ጸሎት አንድ ደቂቃ፣ ከዚያ የሕይወት ታሪኩን አንድ ሰው ያንብብ። አንድ ሰው! አምስት ደቂቃ። እኛ ጋ ሰባት ሰው ተናገረ፤ ከሰባቱ ስድስቱ ስለራሳቸው አወሩ። ፉከራና ቀረርቶ የሚችል ሰው ካለ ከንፍሮው በኋላ ይግባ፤ ከጸሎቱ ጋር አይቀላቀል። ባንዲራ ላይ ክርክር እንደሚነሣ አውቃችሁ አስቀድማችሁ ወስኑ። እኛ የተውነው ለፎቶው ነው፤ ክብር ዘበኛ ልብሱን ለብሶ እዚያ ቆሟል፣ ከዚያ በላይ አላስፈለገም።

የክብር ዘብ ከፈለጋችሁ በጽሑፍ፣ በጣም አስቀድማችሁ፣ ከነማስረጃው ጠይቁ። ካልተሳካ አትናደዱ።

7. ሐዘኑ አዲስ ከሆነ

እስካሁን የጻፍኩት ለቆየ ሞት ነው። በቅርቡ ሰላም ለማስከበር ሄዶ የሞተ ከሆነ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ከሌላው ሁሉ የሚቀድመው ይህ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በፌስቡክ ደግሞ ጨርሶ። ክፍሉ ለቤተሰብ ያሳውቅ፤ ከዚያ ሽማግሎች በጠዋት፣ እናቲቱ ሳትወጣ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ይንገሯት። ጓደኛው «ነፍስ ይማር ወንድሜ» ብሎ ፎቶውን ስለለጠፈ ገበያ መሐል የሰማች እናት አውቃለሁ። ፎቶውን ለመለጠፍ አንድ ቀን ብትጠብቁ ምንም አይቀርባችሁም። አስከሬን ያለበትን ፎቶ ግን መቼም አትለጥፉ።

አስከሬኑ እስኪመጣ ባሉት ቀናት ከቤተሰቡ አንድ ሰው ብቻ ከሠራዊቱ ጋር ይነጋገር፤ ስልኩ ለሁሉም ይታወቅ። ሌላው ሁሉ ሲደውል የሚሰማው የተለያየ ወሬ ነው፤ እናቲቱ ደግሞ ሁሉንም ትሰማለች። የጡረታና የካሳ ወረቀት ጣጣ ከአርባው በኋላ ቢጀመርም ይደርሳል፤ ሆኖም የጋብቻና የልጆች የልደት ማስረጃ መኖሩን ከወዲሁ በዝምታ አጣሩ። ከሌለ ቀበሌ መመላለሱ ረጅም ነው።

የእኛ ድንጋይ አሁን ትክክል ነው። የተሳሳተው ግቢያችን ውስጥ ተገልብጦ አለ፤ እማማ ቡና ስትወቅጥ ሙቀጫውን የምታስቀምጠው እሱ ላይ ነው። «አውጥተን እንጣለው» ብንላት እምቢ አለች። ዓመቱ ነው እንጂ ስሙ ልክ ነው አለች።